በገመድ የታሰረችው መኪና

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ፊት ነው የሚቀመጠው። መሪውን ይጨብጣል፣ ማርሹን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ያቀናል። እኔ ግን ወልድያ ላይ አንዲት ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና ለማየት የሄድኩ ዕለት የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። ደላላው አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነው። «እናቴ፣ መሪው በዚህ በኩል ነው» አለኝ። ሻጩ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ሽታው ያዘኝ።

መስኮቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና የወንበር ሽታ ነው። የጋለ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ቤንዚን፣ ትንሽ አቧራ፣ የማላውቀው ሰው ላብ። እጄን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩና ፈጀኝ። ፊቴን እዚያ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝም ነበር። «ነዳጅ ምን እንደሆነ አታውቅም እኮ! እያሸተተች ነው የምትሄደው» ይላል ደላላው ከውጭ። ይህችንም ቃል አውቃታለሁ። በኋላ ተስማምተን ሻጩ ቁልፉን ከነማንጠልጠያው ሲሰጠኝ ማንጠልጠያውን ፈትቼ መለስኩለት፤ ግራ ገብቶት ተቀበለኝ። ማስረዳቱ ረጅም ነው። ማስረዳት ከጀመርኩ ደግሞ የማቆመው ቆቦ ደርሼ፣ የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በዚያ ክፉ ዓመት ውስጥ ነው።

አባቴ እንድሪስ ከብት ነጋዴ ነበር። ከራያ ሜዳና ከዞብል ማዶ የሚመጣውን ከብት በዓይኑ ብቻ አይቶ ዕድሜውን፣ ጠባዩን፣ የት ውሃ ሲጠጣ እንዳደገ የሚናገር ሰው ነው። ግቢያችን ከብት አጥቶ አያውቅም። ከመኝታዬ ግድግዳ ማዶ ሲያመነዥኩ፣ ሲተነፍሱ፣ አንዱ ሌላውን ሲገፋ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ከዚያ በፊት የነበረውም አጉል ነበር። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ከብቱ እየከሳ፣ እየተሸጠ፣ የቀረውም እየወደቀ ሄደ። በቅሏችንም አንድ ቀን ተኝታ አልነሳ አለች። ችግር መምጣቱ መጀመሪያ የታወቀኝ በጆሮዬ ነው። ግድግዳውን አንኳኩቼ አዳመጥኩ፤ ማዶ ማንም የለም።

እኛ እንደ ሌላው አልተራብንም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አባየ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረው ማሽላ ነበረው፤ የጉድጓድ እህል የራሱ ሽታ አለው፣ እርጥብ ምድር ይሸታል፣ ቂጣውም ይሸታል። ጎረቤታችን ከድጃ ያን ሽታ ስለማትወድ ቂጣዬን ስሰጣት አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምትበላው። አብረን ጥንቅሽ የምንመጥ፣ አብረን የምንጣላ ነበርን። አንድ ጠዋት ሄጄ በራቸው ላይ የእሾህ አጥር ተጋርዶ አገኘሁት። በዚያን ሰሞን በትልቁ መንገድ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ በኩል ይሄድ ነበር። ሽማግሌው ልጁን ይዞ፣ ሴቲቱ ድስቷን ተሸክማ። እኔ ትልቅ ገበያ የወጡ ነው የመሰለኝ። ሰው እንዲያ ሰብሰብ ብሎ ሲሄድ ያየሁት ለገበያ ብቻ ነበርና።

«እትየ፣ ከድጃ ከገበያ መቼ ነው የምትመለስ?» አልኳት አክስቴን።

እትየ ዘሀራ የአባየ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ስትቆጣ ቤቱ ይጠባል፤ ስታዝን ደግሞ የበለጠ ትቆጣለች። ያን ቀን ግን አልተቆጣችም።

«ገበያው ሲበተን» አለችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ስለዚህ ገበያው እስኪበተን ጠበቅሁ።

እናቴ ከዚያ በፊት ነው የሄደችው። እናቴ ፋጡማ፣ አባየ ፋጤ ነው የሚላት፣ ከዋጃ በታች ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ መንደር ናት። አባቷ አባባ ሙሄ ታመመ ተብሎ ሲላክባት ታናሽ ወንድሜን ሰይድን አዝላ ሄደች። ሰይድ ገና ጡት አልጣለም። እኔን ትታኝ ስትሄድ ብብቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

«አንች ትልቅ ልጅ ነሽ» አለችኝ። «እትየን አጫውቻት። ቶሎ እመለሳለሁ።»

እትየ ዘሀራን ማጫወት! ሞክሬ ነበር። የዕቃ ዕቃ ድስት አስይዣት እንግዳ ሁኝልኝ ብላት የእውነተኛውን ድስት እንዳጥብ አዘዘችኝ።

ጥቂት ሰንብቶ ጨው የጫነ ነጋዴ መልእክት አመጣ። ፋጡማ ደህና ናት፤ አባቷ ግን እግሩ ከድቶታል፤ እሱን ጥዬ አልወጣም፣ መውሰጃ ካላችሁ ከነአባቴ ውሰዱኝ ብላለች አለ። አባየ ነጋዴውን ውሃ አጠጥቶ ሸኘውና ደጃፉ ላይ ብቻውን ቁጭ አለ። በቅሎ የለም። አውቶቡሱ ከመንገድ አይወጣም፤ ጢም ብሎ ሞልቶም ነው የሚያልፈው። ግመሎቹን ባለቤቶቻቸው ውሃ ፍለጋ ርቀው ነድተዋቸዋል። በእግሩ መቆም ያቃተውን ሽማግሌ በምን ያመጣዋል? አፉን በጋቢው ይዞ ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ የቀሩትን ከብቶች ነድቶ ወጣ፤ ሲመለስ መኪና ሊገዛ ነው ተባለ።

እትየ ዘሀራ ጮኸች። «ሰው ላሙን ሸጦ እህል ይገዛል! አንተ ላምህን ሸጠህ ቆርቆሮ ልትገዛ ነው?»

«እህሉ አለ፣ ዘሀራ። የሌለችው ፋጤ ናት።»

«እሽ፣ መንዳቱንስ ማን ሊነዳት ነው?»

«በሬ ነድቼ የለም» አለ አባየ።

መኪናዋ የጋሽ ካሳ ናት። ጋሽ ካሳ ከከተማው ዳር በነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ የሚሠራ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሄድ ስለሆነ ነው የሚሸጣት። አባየ ይዞኝ ሄደ። አራት በር ያላት ትንሽ ግራጫ መኪና፣ አቧራ ጠጥታ ቆማለች። አባየ እንደ ከብቱ ሁሉ መጀመሪያ ከሩቅ አያት። ከዚያ ዙሪያዋን ሄደ። ከኋላዋ ቆሞ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ጋሽ ካሳ ኮፈኗን ሲከፍትለት አንገቱን አስግጎ ልክ የጥጃ ጥርስ እንደሚያይ ገባ ብሎ አየ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሮጊት አይደለችም። ከኔ በፊት አንድ የአስመራ ሰው ብቻ ነው የያዛት።»

«ጠባይዋስ?»

«እውነቱን ልንገርህ፣ ባትሪዋ ደክሟል። ካልተገፋች አትነሳም። ከተነሳች ግን የሚያቆማት የለም።»

አባየ ራሱን ነቀነቀ። ነውሯን ደብቆ የማይሸጥ ሻጭ ይወድ ነበር።

«ምን ያህል ትበላለች?»

«እሷ?» አለ ጋሽ ካሳ ደረቱን ነፍቶ። «እነዚያ ትልልቆቹ ቤንዚን ይጨልጣሉ። እሷ እያሸተተች ነው የምትሄድ። አላማጣ ደርሳ ተመልሳ ጥማት አታውቅም።»

«የማትበላ ከብት በሽተኛ ናት» አለ አባየ ኮስተር ብሎ።

ጋሽ ካሳ ቀልድ መስሎት ወገቡን ይዞ ሳቀ። አባየ አልሳቀም፤ እንደገና ዙሪያዋን ሄደ።

በኛ አገር ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ሻጩ ገመዱን ከላሚቱ አንገት ፈትቶ ይዞ ይመለሳል፣ ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የቤቱ ገድ፣ ዕድሉ ማለት ነው፣ አብሮ ይሄዳል። ይህን ያላወቀ ልጅ በኛ ግቢ አያድግም። ጋሽ ካሳ ቁልፉን ሲሰጠው በአንዲት የጠፍር ቁራጭ የታሰረ ነበር። አባየ ጠፍሩን ፈትቶ መለሰለት። «ይኸ ያንተ ነው። ገድህን አልወስድብህም» አለው። ከዚያ ትከሻው ላይ አጣጥፎ ያመጣውን የራሱን ገመድ አወረደና ከመኪናዋ የፊት ብረት ላይ ቋጠረው። ያ ገመድ የቡሬ ላማችን ነበር፤ በቃጫ የተገመደ፣ የላሚቱ አንገት ያለሰለሰው።

የካምፑ ሰዎች እየገፉ፣ ጋሽ ካሳ እየነዳ፣ አባየ ገመዱን ይዞ ከፊት ከፊት እየሄደ ቤት አደረሷት። አባየ ገመዱን ጋጣው ፊት ካለው የከብት ማሰሪያ ግንድ ላይ ጠምጥሞ አሰረው። ከዚያ እዚህ ትቆያለች አለ፤ ቤቱን እስክትለምድ። የተገዛች ላም ወዲያው አትሰማራም። ታስራ ሰንብታ፣ የግቢውን ሽታና የጌታዋን ድምፅ ለምዳ ነው የምትፈታው፤ ያለዚያ ወደ ቀድሞ ጌታዋ ትሮጣለች።

ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትየ ዘሀራ አልሳቀችም።

«እሷ ቤት እስክትለምድ እዚያ ሰው ያልቃል!» አለች።

አባየ ያመነበትን ማድረጉ ነበር እላለሁ። አሁን ትልቅ ሆኜ ሳስበው ደግሞ ፈርቶም ይመስለኛል። መንዳት አያውቅም። ጋሽ ካሳ እስኪሄድ ድረስ አመሻሽ እየመጣ በደረቁ ወንዝ ዳር ያስተምረው ነበር፤ ስትነሳ ትዘላለች፣ ስትቆም ሞተሯ ድርግም ይላል። አባየ እግሩ ፍሪሲዮኑን ከፍሬኑ ጋር ማስማማት እምቢ አለው። ላብ አጥምቆት ይመለስና ገመዷን መልሶ ያስራል። ከብት የማይፈራ ሰው ሲፈራ አይቼ ስለማላውቅ ድካም ነው የመሰለኝ።

ዳልቻ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ግራጫ ላም ዳልቻ ነው የምትባለው። የኔ ሥራ አቧራዋን መጥረግና ፍየል እንዳይወጣባት መጠበቅ ነበር። ፍየል የሚባል በሰፈሩ አልቀረም፤ ስለዚህ ውስጧ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ከውጭው ነፋስና ከመንገደኛው ድምፅ የሚከልለኝ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ያን የወንበር ሽታ የለመድኩት ያኔ ነው። ጋሽ ካሳ አባየን ሲያስተምር ከላይ የተንጠለጠለችውን ትንሿን መስታወት፣ ስፖኪዮዋን እየነካ «በዚች ደግሞ ኋላህ የቀረውን ታያለህ» ሲለው ሰምቻለሁ። እኔም አምኜ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ኋላ የቀሩት እናቴና ሰይድ፣ ከድጃም ናቸው። መስታወቷ ግን ባዶውን ጋጣ ብቻ ታሳየኛለች። ምናልባት ስላልተነሳች ይሆናል እላለሁ፤ ስትሄድ ይታዩ ይሆናል። ከራሴ ጋር ማውራት የጀመርኩት እዚያች መኪና ውስጥ ነው፤ እስካሁንም አልተወኝም።

አባየ አንድ ጠዋት ገመዱን ፈታው።

አንድ ጆንያ ማሽላ ኋላ ጫነ። አንድ ጀሪካን ውሃም ጨመረ፣ ለመኪናዋ። ስትግል ራዲያተሯ ይጠጣል፣ ካልጠጣ ትሞታለች ብሎታል ጋሽ ካሳ። ገመዱንም አጣጥፎ እግሬ ሥር ጣለው። አባባ ሙሄ ከፊት እንዲቀመጥ፣ እናቴና ሰይድ ከኔ ጋር ከኋላ እንዲሆኑ አስቦ ነበር የወሰደኝ። እትየ ዘሀራ ከጎረቤት ጋር እየገፋች፣ እየተራገመችም እየመረቀችም ሸኘችን። «ያ አላህ አንተ ጠብቃቸው!» የምትለው ድምጿ እስኪጠፋ ተከተለን።

ከከተማው እንደወጣን አባየ ሳይዞር «ዘይነባ፣ ተኝ። ቀና እንዳትይ» አለኝ።

«ለምን፣ አባየ?»

«ነፋስ ይመታሻል።»

መስኮቱ ተዘግቷል። ቢሆንም አመንኩት፤ ፊቴን ወንበሩ ላይ ደፋሁ። ፕላስቲኩ ጉንጬን ፈጀው፣ ከዚያ ላቤ አጣበቀኝ። ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። የማየው የወንበሩን ስፌትና የመኪናዋን ጣሪያ ነው። የምሰማው ግን ብዙ ነው። «ስለ አላህ!» «ስለ ማርያም!» እያሉ ድምፆች ይመጡና ኋላ ይቀራሉ። አንዳንዴ መዳፍ ቆርቆሮዋን ዳሰስ አድርጎ ይለቃል። አባየ ለራሱ ያጉተመትማል። «ካቆምኩ አትነሳም። ካቆምኩ አትነሳም።» ልክ እንደ ዚክር ይደጋግመዋል።

አንዴ ሰረቅ አድርጌ ቀና አልኩ፤ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መስታወቷ። እየሄድን ስለሆነ ኋላ የቀሩት ይታዩ እንደሆነ ብዬ ነው። ያየሁት የአባየን ዓይን ነው። መንገዱን ትቶ መስታወቷን ያያል። ብዙ አያት። መኪናዋ ወደ ዳር ልትሄድ ስትል መለሳት። ግንባሩን በእጁ ጠረገ። እኔም ቶሎ ብዬ ተደፋሁ።

ዋጃን አልፈን ከትልቁ መንገድ ወርደን በደረቀ እርሻ መሀል እየዘለልን መንደሩ ደረስን። መኪና ገብቶበት በማያውቅ መንደር መኪና ሲገባ ውሻ መጮህ፣ ሕፃን መሮጥ ነበረበት። ማንም አልመጣም። ሞተሯ እንደ ልማዷ ድርግም አለ። ከአባባ ሙሄ ጎጆ ጎን ያሉት ሽማግሌ፣ አባ ይማም፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባየ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባ ይማም፣ እንደምን ዋላችሁ? አማቴስ?»

«እንድሪስ ነህ? አሞናል ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ሙሄን አፈር አልብሰነዋል። ትናንት ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አባየ ራሱን ያዘ። «ፋጤስ?»

«አባቷን ካስቀበረች ምን ታደርግ? ዛሬ ጎህ ሲቀድ ልጇን አዝላ ወጣች።»

«በየት በኩል?»

«በመንገዱ ነዋ። በትልቁ መንገድ። ወደ ቤቴ ወደ ቆቦ ብላ።»

አባየ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወደ መኪናዋ ዞሮ አያት። «አንዲት ሴት» አለ ለማንም ሳይሆን። «ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች። ቅል ይዛ።» አባ ይማም አልገባቸውም። እኔ የመስታወቷ ዓይኑ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ተነስቶ መጣደፍ ጀመረ። ጆንያውን አውርዶ ከአባ ይማም ፊት አኖረው። መኪናዋን የሚገፋ ሰው ጠራ። ሦስት አራት ወንዶች ወጡ፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ እጃቸው መኪናዋ ላይ ሲያርፍ ቆርቆሮዋ እንኳ አልተሰማትም። ገመዱን ከፊት አስረው ሴቶችም ገቡበት፤ እነሱ ሲስቡ እኔና ወንዶቹ ከኋላ ስንገፋ፣ እየቆሙ እየተነፈሱ፣ ተዳፋቱ ጫፍ ደረስን። አንዱ ገመዱን ፈትቶ ሰጠኝና ገባሁ፤ መኪናዋም በራሷ ወረደችና ተነሳች። ሰዎቹ እዚያው የቆሙበት ተቀመጡ። ስንሄድ ዞሬ አየሁ፤ ማንም አትይ አላለኝም።

በመልሱ መንገድ አባየ ተኝ አላለኝም። «እይ» ነው ያለኝ። «በደንብ እይ፣ ልጄ። አንች ዓይንሽ ደህና ነው።» ገበያ የመሰለኝን ሕዝብ ከቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ገበያ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከድጃም እንደማትመለስ ያኔ ነው ያወቅሁት።

እናቴን ያገኘናት ከአንዲት ግራር ሥር፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀምጣ ነው። እኔ ነኝ ያወቅኋት፤ በነጠላዋ ጥለት። ፊቷ ሌላ ሆኗል፣ ሌላ ሰው ብዬ ላልፋት እችል ነበር። «እማየ!» ብዬ ስጮህ አባየ ፍሬኑን ያዘ፣ ሞተሯ ድርግም አለ። እማየ ዞረች። እኔን አቀፈችኝ፤ ክንዷ ቀጭን፣ የሚግል ነበር። ሰይድ ጀርባዋ ላይ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ያየኛል፣ አያለቅስም። ከዚያ እማየ በኔ ትከሻ ላይ መኪናዋን አየቻት። ብዙ አየቻት።

«ይችን መኪና አውቃታለሁ» አለች። «ጠዋት በዚህ አልፋለች። ለልጄ ውሃ ብዬ ቅሌን አሳየኋት። ፀሐዩ የፊት መስታወቷ ላይ ነበር፣ ሹፌሯን አላየሁትም።» አባየን ቀና ብላ አየችው። «እንድሪስ፣ ጠዋት ማን ነበር የሚነዳት?»

ሌላ ሰው ነው ቢል እናምነው ነበር። ተከራየኋት ቢል፣ አሁን ነው የገዛኋት ቢል። እኔ እንዲያ እንዲል ፈለግሁ። እንዲዋሽ በልቤ ለመንኩት።

«እኔ ነበርኩ፣ ፋጤ» አለ።

አባየ ጀሪካኑን አውርዶ ቅሏን ሞላላት። ለሰይድ በጣቷ ከንፈሩን አራሰችለት፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አደረገችለት፣ መጨረሻ ላይ እሷ ጠጣች። መንገደኞቹም መጥተው ከበቡን። አባየ ጀሪካኑ እስኪያልቅ አጠጣቸው። ሲያልቅ ማንም ሳይለምናቸው መኪናዋን ገፍተው አስነሷት። ጠዋት ያለፍናቸው ሰዎች ናቸው የገፉን። ራዲያተሯ ያለ ውሃ እየጨሰ ቆቦ ገባን፤ አልሞተችም። እማየ ከኔ ጋር ከኋላ፣ ሰይድን ታቅፋ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። መስታወቷ ውስጥ አባየ ያያት እንደሆነ እያልኩ ጠበቅሁ። መንገዱን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሰይድ ብዙ አልቆየም። ቤት ገብቶ፣ ወተት ተፈልጎለት፣ አንድ ሰሞን ሻል ያለው መሰለና ሞተ። ያን ጠዋት ውሃ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር ወይ? በቤታችን ማንም ጮክ ብሎ የጠየቀ የለም። እትየ ዘሀራ እንኳ፣ አፏን የማትይዘው፣ ያንን አልጠየቀችም። እማየ ለኔ ታወራለች፣ ለእትየ ታወራለች፣ ለጎረቤት ትመልሳለች። ለአባየ እህል ውሃ ታቀርብለታለች፣ አትናገረውም። እሱም አይናገርም። እኔ በሁለቱ መሀል ሆኜ «አባየ ሽሮ ጨምሩልኝ ይላል»፣ «እማየ እንጨት የለም ትላለች» እያልኩ ስመላለስ ዋልኩ። እናቴ ተመልሳልኝ እናቴን ስጠብቅ ከነበርኩት የበለጠ ብቸኛ ነበርኩ።

ዳልቻ እንደገና ግንዱ ላይ ታስራ ቆየች። ማንም አይገባባትም፤ እኔም ትቻታለሁ። በመጨረሻ ከወልድያ አንድ ነጋዴ ገዢ መጣ። አባየ ነውሯን ሁሉ ነገረው፤ ባትሪዋን፣ ጥማቷን ሳይቀር። ነጋዴው ከሹፌሩ ጋር ሆኖ ኮፈኗን ሲዘጋ አባየ ገመዱን ከግንዱ ፈታ። ከመኪናዋ ግን አልፈታውም። አጣጥፎ ከነቋጠሮው ለነጋዴው ዘረጋለት።

«ገመዱንም ውሰደው» አለ።

እትየ ዘሀራ ጭኗን መታች። «ገመዱን? ገመድ ይሰጣል እንዴ፣ አንተ ሰው! የቤቱን ገድ ልትሸኝ ነው?»

«ምን ገድ ቀረኝ፣ ዘሀራ» አለ አባየ። «ይውሰደው። አልፈልገውም።»

ነጋዴው ሊቀበል አፈረ፣ ሊመልስም አፈረ። እጁ አየር ላይ ቀረ። እማየ ከጎጆው በር ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች፣ በሁላችንም መሀል አለፈች፣ ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ የፊት ብረት ላይ ቋጠሮውን በጥርሷ እየረዳች ፈታችው። ቀና ስትል አባየን ፊት ለፊት አየችው።

«ገመዱ ምን አጠፋ?» አለችው።

ከግራሩ ጥላ ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው። መኪናዋን እየገፉ ሲያወጧት እማየ ገመዱን ይዛ ወደ ጋጣው ሄደች። አንድ ከብት እንኳ በሌለበት ግቢ፣ ዝናብ ይምጣ አይምጣ ማንም በማያውቅበት ቀን፣ ከማሰሪያው ግንድ ላይ ጠምጥማ አጥብቃ አሰረችው። አባየም ሄዶ የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘላት።